የአባዬ ቅርንፉድ

ልጄ ከሥራ ገብቶ ሲስመኝ አፉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተኝ። አባዬም እንዲህ ይሸት ነበር።

አባዬ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። እናቴ በሳሉ ስትማረር፣ «ሁለተኛ ሲጋራ ባጨስ አስቴርን ይንሳኝ» ብሎ ማለላት። አስቴር እኔ ነኝ፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። በሳምንቱ ምሳውን ሳደርስለት ከዕቃ ፉርጎ ጀርባ ሲያጨስ አገኘሁት። መሞቴ ነው ብዬ አለቀስኩ። እሱ ግን ሲጋራውን እስከ መጨረሻው ምጎ ጨረሰና ቅርንፉድ አፉ ውስጥ ጣል አደረገ።

«በአንቺ የማልኩት ከአንቺ የሚበልጥብኝ ስለሌለ ነበር» አለኝ። «እሱም አልበቃም።»

ያኔ አልገባኝም። ክረምቱን ሙሉ ሞቴን ስጠብቅ ከረምኩ፤ ሳሉ የወሰደው ግን እሱን ነው።

ልጄን «ሲጋራ ትቻለሁ አላልከኝም?» አልኩት።

«ትቻለሁ እማዬ፣ አንቺን ይንሳኝ» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።