ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች

የአባቴ ጠመንጃ ቤልጅግ ነበር። በግሼ ቤልጅግ ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ የእኛውን የሚለየው ከጎኑ የታሰረው ማነጣጠሪያ ነው። አባቴ ወታደር ሳሉ በዒላማ ተኩስ ውድድር አንደኛ ወጥተው ተሸልመውታል። ጠመንጃው የአንድ አገር ሥራ ነው፤ ማነጣጠሪያው የሌላ። በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ ዐይን የሚጠጋበት መሐሉ የተበሳ ክብ ብረት አለው። አንዱ መዞሪያ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፣ ሌላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ሲዞሩ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ።

የአባቴ ዐይን ከደከመ በኋላ በመዞሪያው ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ የሚወደው ጠመንጃውን አንግቦ ራቤል ገበያ መታየቱን ነው። ብረቱን ፈትቼ በዘይት የምወለውለው፣ ብሎኑን በልኩ በተሠራችው መፍቻ መልሼ የማጠብቀው እኔ። አባቴ ከጎኔ ተቀምጠው የእውነተኛው ምልክት ምን እንደሆነ፣ ተመሳስሎ የተሠራው በምን እንደሚታወቅ ይነግሩኛል። የሚነግሩኝን ሁሉ ይዣለሁ።

የመጨረሻቸው ሲቃረብ የንስሐ አባታቸው ተጠሩ። እኔና ወንድሜ ከመደቡ አጠገብ ቆመናል።

"ጠመንጃው ለወንዱ ልጄ ነው" አሉ። ትንሽ አረፉና "ማነጣጠሪያው ለሴቷ። እሷ ታውቅበታለች" አሉ።

"አባባ፣ ሴት ልጅ በማን ላይ ልታነጣጥር ነው?" አለ ወንድሜ።

"ባንተ ላይ!" አሉ አባቴ።

ሁላችንም ሳቅን። ቄሱም ስቀዋል። ይህን የምጽፈው መሳቃቸው ስለሚያስፈልገኝ ነው፤ ያልሰማ ሰው አይስቅም።

በነጋታው መፍቻዋን ይዤ ብፈታው ኖሮ የምጽፈው አይኖርም ነበር። አልፈታሁትም። በእኛ ዘንድ የሟች መሣሪያ ተዝካሩ እስኪወጣ ድረስ ምንም ሳይጎድልበት ይቆያል። ለቅሶ ላይ ከልብሱ ጋር ይወጣል፣ በተዝካሩም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ይሰቀላል። የአባቴን ጠመንጃ አጉድላ ሰው ፊት አቆመችው እንዳልባል ብዬ፣ እስከ ተዝካሩ ይቆይ አልኩ። ወደ ቤቴ ወደ መሐል ሜዳ ስመለስ ብረቱን በወንድሜ እጅ ትቼው ሄድኩ።

ከተዝካሩ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወንድሜ ቤቴ መጣ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዟል።

"እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ?" አለኝ።

ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ የሚጠራኝ በስሜ ነበር። እትዬ ሲለኝ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ሐዘኑ አለሰለሰው ብዬ ደስ አለኝ።

"መሣሪያ ሊመዘገብ ነው" አለ። "ማነጣጠሪያውንም ምን እንደሆነ በዝርዝር ጻፉ ብለውናል። ከአንቺ በቀር ማን ያውቀዋል?"

አስቀምጬ ምሳ አበላሁትና ነገርኩት። እውነተኛው ከሥሩ ቁጥር አለው፤ ያው ቁጥር በላይኛው ብረት ላይ ይደገማል፤ ካልገጠመ ከሁለት አሮጌ የተቀጣጠለ ነው። ጥቁር ቅቡ መሳሳት ያለበት ጣት በሚነካው ቦታ ብቻ ነው፤ ሁሉም ቦታ እኩል ከጠቆረ በቅርቡ ተቀብቷል። የብሎኑን አፍ ተመልከት፤ ተበልቶ ከተገኘ የማያውቅ ሰው ነካክቶታል፣ አትቀበል። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ቀስ ብዬ እደግምለታለሁ።

"ዋጋውስ?" አለኝ።

"ለምዝገባ ዋጋ ምን ያደርጋል?"

"እንዲያው ለማወቅ።"

"ለሚያውቅበት ሰው ከጠመንጃው ይበልጣል" አልኩት።

ደብተሩን አጠፈ፤ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ስሞኝ ሄደ።

በተዝካሩ ቀን ግሼ ስደርስ ጠመንጃው ድንኳኑ ውስጥ ተሰቅሏል። በጎኑ ሁለት ባዶ የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። ጠጋ ብዬ አየሁ። የቀዳዳው ከንፈር ያብረቀርቃል፤ አቧራ እንኳ አልገባበትም። ማነጣጠሪያው ይሸፍነው የነበረው እንጨት ከሌላው ደመቅ ብሎ ይታያል። በዚያው ሳምንት የተፈታ ነው።

ወንድሜን ወደ ጎን ጠርቼ ጠየቅሁት።

"አባባ በሕይወት ሳሉ አውልቀውታል። የት እንዳደረጉት እኔ ምን አውቄ?" አለኝ። ዐይኔን አላየም።

ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። "አባ፣ አባቴ ማነጣጠሪያውን ለእኔ ሲናዘዙ ሰምተዋል።"

"ልጄ፣ የስንቱን ኑዛዜ ሰማሁ" አሉኝ። "አርጅቻለሁ፤ ሁሉንም አልይዘውም። ደግሞ በአባትሽ ተዝካር ስለ ብረት መነታረክ አያምርም።" ይህን ሲሉኝ የተቀመጡት ከወንድሜ አጠገብ ነው።

እህል ሳልቀምስ ተነሣሁ።

ወር ሳይሞላ አንድ ሰው በሬን አንኳኳ። ከአዲስ አበባ የመጣ የአሮጌ ዕቃ ገዢ ነው፤ በትሕትና "እማማ" አለኝ።

"ራቤል ገበያ ስጠይቅ እርስዎ ያውቁታል ብለውኝ ነው። ዋጋ ተነጋግረናል፤ ሳልከፍል ግን አንድ ሰው ያረጋግጥልኝ ብዬ ነው።"

ከጨርቅ ፈትቶ የአባቴን ማነጣጠሪያ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አጠገቡ አንድ የደብተር ቅጠል ዘረጋ። ጽሑፉ የወንድሜ ነው፣ ቃሉ የእኔ።

የእኔ ነው ብዬ ብነግረው ምስክርዎ ማነው ይለኛል። ምስክሬን ደግሞ ዐይቻቸዋለሁ። እውነተኛ ነው ብዬ ብነግረው ይዞት ይሄዳል፤ ዳግመኛ አላየውም። ብረቱን አንስቼ ገለበጥኩት። ወንድሜ የፈታው በቢላዋ ነው፤ መፍቻዋ ከእኔ ዘንድ ስለሆነች። የሁለቱም ብሎኖች አፍ ተበልቷል።

"ሐሰተኛ ነው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ወረቀትህን አንብበው እንጂ። ስለ ብሎኑ ምን ይላል?"

አነበበ፤ ብሎኑን አየ። አንገቱን ነቀነቀና አመስግኖኝ ወጣ። በአባቴ ሙያ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ መጣ። እትዬ አላለም።

"ብረቱ ሐሰተኛ ነው ብለሻል?"

"የቱ ብረት? አባባ አውልቀውት የለም እንዴ?"

ፊቱ ጠቆረ። "አትቀልጂብኝ። ሰውየው አጭበርባሪ ብሎ ሰደበኝ። እውነት ሐሰተኛ ነው?"

"ብሎኑን አላየህም?"

ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። "እንኪ! ድሮም ለአንቺ ነው የተናዘዙት። ሽልማት ነው እያሉ ሲያሞኙን ኖረው፣ በአንቺ ብረት እኔ ልዋረድ?"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ምናልባት በእውነት ረስቶት ይሆናል የምትል አንዲት ሐሳብ ነበረችኝ። ወንድሜ ብዬ የምጠራው በእሷ ነበር። አልረሳም። ዋጋ የለውም ብሎ እስኪያምን ድረስ ግን የእኔ መሆኑን ሊናገር አልፈለገም። ዋጋ የለውም ሲባል አባታችን አሞኙን ለማለት ደግሞ አንድ ቀን አልፈጀበትም።

ከመውጣቱ በፊት "ለፋሲካ ግሼ ነይ፤ በዚህ አንጣላም" አለኝ።

"አያለሁ" አልኩት። አልሄድኩም።

ውሸቴን ለንስሐ አባታችን አልተናዘዝኩም። ቢነግሯቸውም አይዙትም።

የሥሩና የላዩ ቁጥር አንድ ነው። ጥቁር ቅቡ የሳሳው የአባቴና የእኔ ጣት በነካው ቦታ ብቻ ነው። ማነጣጠሪያው እውነተኛ ነው፤ ወንድሜ ይህን የሚያውቀው እዚህ ሲያነበው ነው።