የአፈር ክምሩ ዘበኛ

ወንድሜን ከተማው ሁሉ «ጋሼ አፈር» እያለ ይጠራዋል። እሱ አይከፋውም፤ የሚከፋው እኔን ነው። ሽንኩርት አምራች ነበር፣ ያውም ስሙ የተጠራ። ማሳው ሥር ከሰል ተገኘ ተባለና ኑሮው ተገለባበጠ።

መሬቱን እንዲሁ አልለቀቀም። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበን ሳለ የአካባቢ ጥበቃው ተቆጣጣሪ ተነሥቶ፣ የቁፋሮው ፈቃድ የሚሰጠው በቅድመ ሁኔታ መሆኑን አስረዳን። ጥቁሩ የላይኛው አፈር ተገፎ ለብቻው ይከመራል፣ ሣር ይዘራበታል፣ ማንም አይነካውም። ከሰሉ ሲያልቅ ጉድጓዱ ይሞላል፣ አፈሩ ከላይ ይለብሳል፣ ባለመሬቱም ተመልሶ ያርሳል። ወንድሜ እጁን አወጣ። «የኔ አፈር ከሰው አፈር ጋር እንዳይደባለቅብኝ» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ፈረመ።

ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ እኔ ጋ መጣ። እኔ የማዕድን ሠራተኞችን ቱታ እየጠገንኩ የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፤ የስፌት መኪናዬና አልጋዬ ተፋጠው ነው የሚያድሩት። ለእሱ በመጋረጃ ከለል አድርጌ አልጋ ዘረጋሁለት። የመስኖ ፓምፑን አልጋው ሥር ወሸቀው፤ በየጊዜው እያወጣ ዘይት ይቀባዋል። ስንቴ የእግሬን አውራ ጣት አደማኝ መሰላችሁ! «ሽጠው እንጂ ጋሼ፣ አበሳዬን አየሁ እኮ!» ስለው፣ «ስመለስ በምን ላጠጣ ነው?» ይለኛል።

ከሰሉን የሚቆፍረው ድርጅት ውስጥ ሌላ ሥራ ሞልቶ ሳለ እሱ የመረጠው የአፈሩን ክምር መጠበቅ ነበር። የእሱ ማሳ አፈር ያለበትን ጎን በድንጋይ ለየው። ዝናብ ሲጥል ሰው ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ እሱ ላስቲክ ተከናንቦ ወደ ክምሩ። ጎርፍ የሸረሸረውን በአካፋ ይመልሳል፣ ሣሩ የሳሳበት ላይ እንደገና ይዘራል። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ለቪላው አበባ መትከያ አፈር አምጡልኝ ብሎ ገልባጭ መኪና ላከ። ወንድሜ ጎማው ፊት ተጋደመ። «ፈቃዱ ላይ አትንኩ ይላል» አለ፤ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ይባረራል ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ዋለ። ግን ተቆጣጣሪው በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያሳዩት ያንኑ ክምር ስለነበር፣ ሥራ አስኪያጁ ጥርሱን ነክሶ ተወው። ተቆጣጣሪው ፎቶ ያነሳል፣ የወንድሜን ትከሻ መታ መታ ያደርጋል፣ ይሄዳል። የጉድጓድ ውሃችን ጠቁሯል፣ አቧራው ደረታችንን ዘግቶታል፤ ክምሩ ግን አረንጓዴ ነው። እሰይ!

ባለፈው ዓመት ከሰሉ አለቀ። ወንድሜ ፓምፑን በረንዳ ላይ አውጥቶ አስነሳው። እንዲያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶ ነበር። ጉድጓዱን የሚሞላ ግን ጠፋ፤ ጭራሽ ውሃ ያቁር ጀመር። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ሊጠይቀው ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት።

«አባባ፣ ፈቃዱ ተሻሽሏል» አለው፣ ፊቱን ሳያይ። «ጉድጓዱ ሐይቅ ሆኖ እንዲቀር ተወስኗል። ከእርሻ የተሻለ ጥቅም ካለው ሕጉ ይፈቅዳል።»

«ለማን ነው የተሻለው?» አልኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

«ለአካባቢው።»

«አፈሩስ?» አለ ወንድሜ።

«እሱ አይባክንም። ዋናው መንገድ ዳር ያለው የተራቆተ ዳገት ይለብስበታል፤ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። መቼም በጣም ጥሩ አድርገው ነው የጠበቁልን።»

ጠበቁልን! አፍ አውጥቶ እንዲህ አለው። ጎረቤቶቻችንም «ፓምፕ አለህ፣ ይኸው ውሃ መጣልህ» እያሉ ቀለዱበት። እኔ እርር ድብን ስል እሱ አብሯቸው ሳቀ።

በማግስቱ ክምሩን መጫን ጀመሩ። አሁን ጎማ ፊት አልተጋደመም፤ ፈቃዱ ወደ እነሱ ዞሯላ። በድንጋይ የለየው ጎን ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ጆንያ ሞላና ተሸክሞ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። እደጃፌ ላይ በተጣሉ የቀለም ጣሳዎች ሽንኩርት ሊተክልበት ኖሯል። የበሩ ጥበቃ፣ ሻይ አብሮት የሚጠጣው ሰው፣ አስቆመው።

«ጋሼ፣ አፈር ከግቢ ማውጣት ክልክል ነው። ራስህ አይደለህ እንዴ ያስተማርከን?»

ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። ሲመኛት የኖራት ቀን! ተቆጣጣሪውም ጭነቱን ሊያይ እዚያው ነበርና ፈቃዱን አወጣ፤ የላይኛውን አፈር ያለ ፈቃድ ማንሳት ጥፋት ነው ብሎ አነበበ። እነሱ ያን ሁሉ ገደል ቆፍረው፣ ያን ሁሉ ውሃ አጥቁረው፣ የፈቃዱን ቅድመ ሁኔታ ጣሰ ተብሎ የተቀጣ ብቸኛ ሰው ወንድሜ ነው። እዚያው አባረሩት።

ሰው ነግሮኝ እየሮጥኩ ደረስኩ። አፈሩን ከወሰድክበት መልስ ብለውት ኖሮ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ክምሩ ይሄዳል። «ጣለው ጋሼ! ጣልላቸውና እንሂድ!» ብዬ ጮህኩ። አልዞረም። ከእሱ ማሳ አፈር ጥቂት ብቻ ቀርታለች፤ እዚያች ላይ ደፋው። ሎደሩ ሊዝቃት ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ወንድሜ ተንበርክኮ፣ ዝናብ እንዳይወስዳት፣ በመዳፉ ደለደላት።