ወደ ዳገቱ ሠላሳ እርምጃ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት የሆነ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ግን እንስራ ባዘልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። በየቀኑ ማለት ነው።

ቀጨኔ ላይ ቧንቧው ከሚመጣበት የሚጠፋበት ቀን ስለሚበዛ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚጠጣው ከቀበሌው ጉድጓድ ነበር። የጽዳት ዘመቻ ተባለና የጋራ መጸዳጃ ይቆፈር ተባለ። የተማረች ናት ብለው ቦታውን የመለካቱ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። መመሪያው «ከውሃ ጉድጓድ ሠላሳ እርምጃ» ይላል። ቆጠርኩ። ታች በኩል ቤቶቹ ተጠጋግተው ስላስቸገሩኝ ወደ ዳገቱ ቆጠርኩና ችካሌን ተከልኩ።

እማማ ጥሩነሽ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ጭቃ የሚያወጡት ከዚያው ዳገት ነበር። ችካሉን ሲያዩ ቅርጫታቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እዚህ አይሆንም። ላዩ ጭቃ ነው፤ ክንድ ያህል ስትወርጂ አሸዋ ነው። አሸዋ የሰጠሽውን ሁሉ ቁልቁል ይሰደዋል።»

«እማማ፣ ሠላሳ እርምጃ ነው የተባለው። ቆጥሬያለሁ።»

«አንቺ ቆጠርሽ፤ ውሃው አይቆጥርም።»

ለቁፋሮ ከወጡት አንዱ «አፈሯ እንዳይነካባት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ውሃው ሸተተ። ሰው አፍልቶ የሚጠጣበት ከሰልም አልነበረው፤ እንዳለ ጠጣው። ሕፃናቱ በተቅማጥ ተያዙ። የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ፣ ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረችው፣ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

የውሃ ጉድጓዱ ተዘጋ፣ ስብሰባ ተጠራ። ያኔ አንዲት ሴት ተነስታ፣ «ሸክላ ሠሪዋ አስቀድማ ተናግራ የለም እንዴ! ዓይኗን ጥላበት ነው እንጂ ከየት አወቀች?» አለች። ጉምጉምታው ወዲያው አዳራሹን ሞላው። እማማ ጥሩነሽ ከበሩ አጠገብ ነበሩ። እኔን ብቻ አዩኝ።

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ። «ጓዶች፣ ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው!» ካለ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «መጸዳጃው በመመሪያው መሠረት ነው አይደል የተቆፈረው?»

እኔ እኮ አፏ አያርፍም የምባል ነኝ። መምህር አልፈራ፣ ካድሬ አልፈራ። የዚያን ቀን ግን እትዬ አስካለ ፊት ለፊቴ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣ ነበር።

«አዎ፣ ሠላሳ እርምጃ ነው» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። በቃ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

እማማ ጥሩነሽ መስከረም ሳይጠባ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው ሸጎሌ፣ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ለሊቀመንበሩ ስለ አሸዋው ሁሉንም ተናገርኩ። መጸዳጃው ተደፈነ። ስለ እሳቸው ግን ማንም አንድ ነገር አላለም፤ እኔም ለእትዬ አስካለ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

አሁን ውሃ የምንቀዳው ከቁስቋም በታች ካለው ምንጭ ነው። ዳገቱ ወገብ ይቆርጣል። ሴቶቹ መንገድ ላይ አሁንም «ያቺ ባለ ዓይን» እያሉ ያነሷቸዋል። የሁላችንም እንስራ የሳቸው እጅ ሥራ ነው። እኔ ከኋላ ከኋላ፣ ዝም ብዬ እሄዳለሁ።