ከኋላ የሚያልፉት ሰዎች

ባለፈው ወር የተበላሸ ሃርድ ዲስክ ይዤ ታውን፣ የናይሮቢ መሃል ከተማ፣ አንድ አሮጌ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለች ጠባብ የጥገና ሱቅ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሠራተኛው ከጠረጴዛው ሥር የዲቪዲ ማጫወቻ አውጥቶ ክዳኑን ሲፈታው የተቃጠለ አቧራና የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሌሎቹ ደንበኞች አፍንጫቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ኮሪደሩ አዞሩ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ሽታውን አውቀዋለሁ፤ የእትዬ አልጋነሽ ሳሎን፣ የአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ሽታ ነው።

እትዬ አልጋነሽ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ውስጥ፣ ዛሬ አሥራ ሁለት ፎቅ አፓርታማ በቆመበት ቦታ፣ ቀይ ጣሪያ ያለው አሮጌ ቤት ተከራይተው ከፊቱ ምግብ ቤት፣ ከኋላው መኖሪያ አድርገውት ነበር። እኛ ደግሞ አባታችን ጊጊሪ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ከመጣ ጀምሮ ከሳቸው ግቢ በአጥር ብቻ በሚለየው ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። እህቴ ሊዲያ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እኔ አሥራ አራት። ከሳቸው ጋር ያስተዋወቀን የምግብ ቤቱ ሽሮ ሳይሆን ፊልም ነው።

እትዬ አልጋነሽ ዘወትር ሰኞ ለምግብ ቤቱ ዕቃ ሊገዙ ታውን ሲወርዱ አንድ ፊልም፣ ሁልጊዜም አንድ ብቻ፣ ይዘው ይመለሳሉ። ዲስኩ ሰኞና ማክሰኞ እሳቸው ዘንድ ያድራል፣ ረቡዕ ወደ ደንበኛቸው ወደ ጋሽ ደምሴ ይሄዳል፣ ሐሙስና ዓርብ እኛ ቤት ይቆያል፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራታችን እሳቸው ሳሎን ተሰብስበን እንነጋገርበታለን። አንድ ላይ ማየት ክልክል ነበር። ደንቡ የወጣው በራሳቸው በእትዬ አልጋነሽ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያ ላይ አብረን ለማየት ሞክረን ነበር፣ እሳቸው ግን ከተዋንያኑ ጋር ያወራሉ፣ አንቺ በሩን ቆልፊው ይላሉ፣ ውሸታም ነው አትስሚው ይላሉ፣ ማን ማንን እንደገደለ ሳንሰማ ፊልሙ ያልቃል። ስለዚህ እያንዳንዳችን ለየብቻችን አይተን፣ ታሪኩን ትተን፣ ሌላው አላየውም ብለን ያሰብነውን አንድ ነገር ብቻ ይዘን እንመጣ ነበር።

የእትዬ አልጋነሽ ነገር ብዙ ጊዜ ስለ ምግብ ነው። ጀግናው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሮጥ በጉሮሮው ውኃ አልወረደም፤ ልጆቹ እራት ሳይበሉ ተኝተዋል፤ እናታቸው ግን ስታለቅስም ከንፈሯን መቀባት አልረሳችም። ሊዲያ በየሳምንቱ አንድ ተዋናይ ወድዳ በሳምንቱ ትክደዋለች፤ በአማርኛ የጀመረችውን በእንግሊዝኛ ትቀጥልና ስትናደድ በስዋሂሊ ትጨርሰዋለች። እኔ ዝምተኛ ነበርኩ፣ ግን ደብተር ነበረኝ። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሙሉ የነበረው ብርጭቆ ካሜራው ዞሮ ሲመለስ ግማሽ ሆኗል፤ የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ሄዷል፤ የሟቹ ሆድ ይተነፍሳል። ተሳስቼ አላውቅም ነበር። እትዬ አልጋነሽ “ዳኛው” ሊሉኝ የጀመሩት ለቀልድ ነው፤ እያደር ግን ከሊዲያ ጋር በተከራከሩ ቁጥር ዳኛው ይፍረድ እየተባለ ደብተሬ ይገለጥ ጀመር፣ ልቤም አበጠ።

ጋሽ ደምሴ አርባዎቹን ያጋመሱ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ሰው ነበሩ። ጣቶቻቸው ማስቲሽ ይሸታሉ፤ ጨርቅ ከሩቅ አይተው ከምን እንደተሠራ ይናገራሉ። እሳቸው ዋናዎቹን ተዋንያን አያዩም። የሚያዩት ከኋላ የሚያልፉትን ነው። ባልና ሚስት ካፌ ተቀምጠው ሲጣሉ ከመስኮቱ ውጭ መሰላል ተሸክሞ የሚያልፈው ሰውዬ፣ ከብዙ ደቂቃ በኋላ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ኮፍያ፣ ያንኑ መሰላል ተሸክሞ ያልፋል ብለውን ነበር አንዴ። ቤት ገብቼ አየሁ፣ ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ እኔም እንደሳቸው ማየት ለመድኩ። ዋናዎቹ እያስመሰሉ ነው፣ እነዚህ ግን ያን ቀን በእውነት እዚያ ነበሩ ይሉ ነበር፤ ስማቸውን የሚጽፍላቸው የለም እንጂ፣ የአንድ ቀን ሕይወታቸው እዚያ ውስጥ ቀርቷል።

ለምን እነሱን እንደሚያዩ የነገሩን እትዬ አልጋነሽ ናቸው። የጋሽ ደምሴ ታናሽ እህት ዝናሽ እኛ ከመተዋወቃችን ከዓመታት በፊት በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገብታ፣ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ ሦስት ሳምንት ተቀምጣ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሚሄዱ ልጆች ጋር ልትነሳ ስትል በሰው ስልክ ደውላ ነገ እንወጣለን አለች። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን የሰማ የለም። ጋሽ ደምሴ እሷን ፍለጋ መጥተው እዚሁ ቀሩ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ፊቱን እያዩ መሄድ ለምዶባቸው ነበርና፣ ፊልምም ሲያዩ ያው ዓይናቸው ነው።

የጋሽ ደምሴ ነገር በረጅሙ ዝናብ ወራት ነው የጀመረው። በረዶ ከሚጥልበት አገር ስለተሠራ ፊልም ስንነጋገር ተራቸው ደረሰና፣ ባቡሩ ሲነሳ ሦስተኛው መስኮት ላይ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴት አለች አሉ፤ ቀኝ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላለች፣ ወደኛ ታያለች። ሄጄ አየሁ፤ ሦስተኛው መስኮት ባዶ ነበር። በሁለት ሳምንቱ በሌላ ፊልም ገበያ መሃል አዩዋት። ቀጥሎ በሠርግ ጭፈራ ጀርባ። ዲስኩ ያው ከሳቸው እጅ ወደ እጄ የመጣው አንዱ ዲስክ ነው፣ እኔ ግን ቆመችበት የተባለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ የማገኘው ባዶ ቦታ ነበር። ባዶ ቦታው ራሱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ገበያው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሰዎች እየተጋፉ፣ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ የቆመ ሰው ላለመግፋት እንደሚደረገው ትከሻቸውን ሰበር አድርገው ያልፉ ነበር። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ ቅዳሜ ግን ሳልናገር ቀረሁ።

የተናገርኩት ሌላ ነገር ነው። ጋሼ፣ ይሄኛው ፊልም የተሠራው እኮ ዝናሽ ከአገር ከመውጣቷ በፊት ነው አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ።

“አውቃለሁ” አሉ። “እኔንም የሚያስፈራኝ እሱ ነው።”

እትዬ አልጋነሽ ተነስተው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉት።

ሐምሌ ናይሮቢ ፀሐይ የሚጠፋበት ወር ነው፤ ሰማዩ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ጣሪያ ላይ ይተኛል፣ አባ ኮዳዎች ዛፍ ላይ አንገታቸውን ቀብረው ይቆማሉ፣ እኩለ ቀንና አመሻሽ አይለዩም። በዚያ ሰሞን እትዬ አልጋነሽ ያመጡት ፊልም እዚሁ ታውን ውስጥ፣ በዚያው ዓመት የተሠራ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው በየሱቁ እያዞሩ የሚሸጡት ነበር። ሐሙስ ዲስኩ እኛ ቤት አልደረሰም። ዓርብም። ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ዲስኩን በመሐረብ ጠቅልለው መጡና ዛሬ ደንቡን እንሻር፣ አብረን እንየው አሉ። አርባ አንደኛው ደቂቃ ላይ፣ ማታቱ ስቴጁ፣ የሚኒባስ መቆሚያው ጋ፣ ከመብራት ምሰሶው አጠገብ ለሦስት ሰከንድ ያህል ቆማለች አሉ። የዘንድሮ ፊልም ነው፤ እዚያ ካለች በሕይወት አለች ማለት ነው።

“እናቴ ደክማለች” አሉ ሳይቀመጡ። “የልጄን እርም ሳላወጣ አልሞትም ትላለች። እስከ ዛሬ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እደውልላታለሁ። ወይ ጠብቂ እላታለሁ፣ ወይ አልቅሺ።” ከዚያ ወደኔ ዞሩ። “የኔ ዓይን አይታመንም። የእትዬም ልብ ይራራል። ዳኛው፣ አንተ ያልከውን እላታለሁ።”

እኔ ከፊት ምንጣፉ ላይ፣ ጋሽ ደምሴ በስተቀኜ በርጩማ ላይ፣ ሁለቱ ሴቶች ከኋላችን ሶፋው ላይ ተቀመጥን። እትዬ አልጋነሽ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተዋንያኑ ጋር አላወሩም። አርባ አንደኛው ደቂቃ መጣ፣ ዝናቡ፣ ስቴጁ፣ ረዳቱ እየጮኸ፣ ሰዎች ቦርሳ አናታቸው ላይ ይዘው ሲሮጡ። አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ የፍሪጁም ድምፅ አብሮ ቆመ። ሊዲያ ከልማድ “ስቲማ ሄደ” አለች፣ የመብራት መጥፋት ለሷ ሁልጊዜ በስዋሂሊ ነው።

“አየኋት” አሉ እትዬ አልጋነሽ። “ጫማዋን በእጇ ይዛለች።”

ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው ዞሩ። ስለ ጫማ ለማንም አልተናገሩም ነበር።

“እኔም አይቻታለሁ” አለች ሊዲያ፤ አንድም የባዕድ ቃል ሳትቀላቅል።

ሦስቱም እኔን አዩኝ። ክፍሉ ግራጫ ነበር፣ የማየው የዓይናቸውን ነጭ ብቻ ነው።

“የለችም” አልኩ። “ምሰሶው ብቻ ነው ያለው።”

ሊዲያ መብራት እስኪመጣ እንጠብቅ፣ ደግመን እንየው አለች። ጋሽ ደምሴ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፤ ተፈርዷል አሉ፣ እትዬ አልጋነሽን አመሰገኑ፣ እኔን ግንባሬን ስመው ወጡ። ከሄዱ በኋላ መብራቱ በኃይል ተመለሰ፣ ማጫወቻው ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፣ ከክዳኑ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ። ዲስኩን በማንኪያ እጀታ ፈልፍለን ስናወጣው ጠርዙ ቀልጦ ነበር።

የናይሮቢው የዝናሽ ልቅሶ የተቀመጠው በእትዬ አልጋነሽ ግቢ ውስጥ ነው። ድንኳን ተተከለ፣ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ፣ የጊጊሪ ሠራተኞች የመሥሪያ ቤት ባጃቸውን ሳያወልቁ መጡ፣ የኢስሊ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ከአንዲት የመታወቂያ ፎቶ አስፍተው ያወጡት የዝናሽ ምስል ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከመተለቁ የተነሳ ቀረብ ብለው ሲያዩት ፊት መሆኑ ቀርቶ ነጠብጣብ ብቻ ይሆናል። ጋሽ ደምሴ ያለቀሱት እንደሚያስለው ሰው በአጭር በአጭሩ ነበር። ሰዉ በዝቶ ግማሹ ቆሞ ዋለ፤ ከሴቶቹ መሃል ግን አንድ ወንበር እስከ ምሽት ድረስ ሳይቀመጡበት ቀረ፣ ማንም ስለሱ አላነሳም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደምሴ ሁለት ቅዳሜ መጡ። ስለ ጀግናው ድፍረት፣ ስለ መጨረሻው ተኩስ፣ ማንኛውም ሰው ስለሚያወራው ነገር አወሩ። ከኋላ ማን አለፈ ብዬ ብጠይቃቸው አላየሁም ልጄ አሉኝ። በሦስተኛው ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ እናታቸውም እርማቸውን አውጥተው በዓመቱ ማረፋቸውን ሰማን። እትዬ አልጋነሽ ቤቱ ሲፈርስ ወደ ልጃቸው ዘንድ ሄደው እዚያው አረፉ። ዲስክ የሚሸጡት ሱቆች የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኑ። ዛሬ ፊልም ስናይ ሁላችንም በየስልካችን የተለያየ ነገር እናያለንና፣ ሌላው ያላየውን ይዞ የሚመጣ ሰው የለም፤ የሚመጣበትም ሳሎን የለም። እኔ ሥራዬ የሠርግና የስብሰባ ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል ነው። ማንም ሳያስተምረኝ የለመድኩት ነው፤ ሰከንድን ሃያ አምስት ቦታ ከፍዬ አንዱን ምስል ካንዱ ለይቼ አያለሁ፣ በሰዉም ዘንድ በጥንቃቄዬ እታወቃለሁ።

ሊዲያ በቅርቡ ከምትኖርበት ከሞምባሳ ለእረፍት መጥታ ነበር። ምሳ በልተን ስንጨርስ፣ ዓመታት ሙሉ ለመጠየቅ ያፈርኩትን ነገር ጠየቅኳት፤ ያን ቀን አየኋት ያላችሁት ለጋሽ ደምሴ አዝናችሁ ነው አይደል አልኳት።

“ናቲ፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት” አለችኝ። “ጫማዋን ይዛ፣ በባዶ እግሯ፣ ዝናብ ላይ። እኔ ያኔም ያልገባኝ ያንተ ነገር ነው። ከሁላችንም ፊት ተቀምጠህ እንዴት አላየሃትም?”

ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ለሷም፣ ለእትዬ አልጋነሽም፣ ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው፦ እነዚያን ሦስት ሰከንዶች አላየኋቸውም። አርባ አንደኛው ደቂቃ ሲደርስ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አልነበረም። አየኋት የሚሏትን ሲያዩ ፊታቸው ምን እንደሚመስል አይቼ ደብተሬ ላይ ለመጻፍ ፈልጌ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሬ ነበር። መብራቱ ጠፍቶ ሦስቱም ሲያዩኝ ደግሞ፣ ዳኛው ነበርኩና፣ አላየሁም የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከሁሉም ፊልም ውስጥ አጥቻታለሁና እዚህም አትኖርም ብዬ ፈረድኩ። የዚያን ፊልም ሌላ ቅጂ እስከ ዛሬ እፈልጋለሁ፤ ሠሪዎቹን የሚያውቅ ሰው እንኳ አላገኘሁም። አንዲት እናት በኔ ቃል አለቀሰች፣ በኔ ቃል ፍለጋው ቆመ፣ ምናልባትም ያን ጊዜ ከኛ በማታቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ርቀት ላይ አንዲት ሴት በባዶ እግሯ ዝናብ እስኪያባራ ትጠብቅ ነበር።

ያየሁት የጋሽ ደምሴን ፊት ነው። የስክሪኑ ብርሃን ሰማያዊ አድርጎት ነበር። በመጀመሪያው ሰከንድ ከንፈራቸው ተከፈተ። በሁለተኛው ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ አንድ ስንዝር ያህል ተነሳ፣ በሕዝብ መሃል ዘመዱን ለይቶ ሰላም ሊል እንደሚያነሳ ሰው። በሦስተኛው ፈገግ አሉ፣ አንገታቸውንም ዝቅ አደረጉ፤ ከወዲያም ሰላምታው ተመልሶላቸው ነበር።