የጋሼ ሞላ ግማሽ ፊት ባህር ዳር ቀረ

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ... የጋሼ ሞላ ግራ ዓይን፣ ግራ ጆሮና ግራ ትከሻ ባህር ዳር ላይ ተቆርጦ ወደ ፍኖተ ሰላም ሳይመለስ መቅረቱን የምገልጸው በከባድ ሐዘን ነው።

አትደንግጡ፣ ሰውየው ደህና ናቸው። የተቆረጠው ፎቷቸው ነው። ያስቆረጥኳቸው ደግሞ... እኔ ነኝ።

አባቴና ቡሬ የሚኖሩት ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ሞላ በአንድ ረድፍ ባህር ዛፍ ተኳርፈው ሦስት ዓመት ሰላም አይባባሉም ነበር። ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ፤ የዚያኑ ዕለት ቤተሰቡ በሙሉ ተደርድሮ ፎቶ ተነሣ። ጋሼ ሞላ በአንዱ ዳር፣ እጃቸው አባቴ ትከሻ ላይ። እኔ በሌላው ዳር፣ እናቴ አጠገብ።

«እህትህ ሰርግ ላይ ይሄ በትልቁ ይሰቀል፤ መታረቃችንን አገር ይየው» አለ አባቴ።

ሦስት ወር ኮምፒውተር ተምሬያለሁና ባነሩን ያዘጋጀሁት እኔ። ፋይሉን ከላክሁ በኋላ የባህር ዳሩ አታሚ ደወለ።

«ዳርና ዳሩ ላይ ትርፍ ቦታ ተውክ? እኛ እኮ ዙሪያውን እንቆርጣለን።»

«እኔን ነው የምታስተምረው? አትም!»

ባዶ ቦታ ምን ይሠራል ብዬ ፎቶውን እስከ ጫፍ ለጥጬዋለሁ...

ባነሩ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ቤታችን መጣ። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ዳሱ ላይ ሲዘረጋ፣ ጋሼ ሞላ ሙክት እየጎተቱ ደረሱ። ቀና ብለው አዩ። አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ ጺም።

«ወንድም ዓለም፣ ታርቀን አልነበረም እንዴ? ግማሼን የት ጣላችሁት?»

ከአባቴ ቀድሜ መሃል ገባሁ።

«ጋሼ፣ በማርያም፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ትርፍ ቦታ ሳልተው...»

«አንተ ደግሞ እውነት ተናግረህ ታውቃለህ?»

አምና «ፎቶዎ ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰቅሏል» ብዬ ከቡሬ ድረስ በከንቱ አስመጥቻቸዋለሁ... አልፈርድባቸውም። ሙክታቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያው ዞሩ። አባቴ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

ሮጬ የሙክቱን ገመድ ያዝሁ።

«ጋሼ፣ እኔን አይመኑኝ! ግን በሌላው ዳር ማን ነበር? እሱን ብቻ አይተው ይሂዱ።»

እያጉረመረሙ ሄደው አዩ። እኔ የለሁም! ሙልጭ ብዬ ተቆርጫለሁ። የተረፈችው እጄ ብቻ ናት... እናቴ ራስ ላይ ቀንድ የሠራሁባቸው ሁለት ጣቶች።

ጋሼ ሞላ ጣቶቹ ላይ አፈጠጡና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ይቺ የባለጌ ጣትማ አትጠፋኝም! ይሄ ቀልማዳ፣ ሰው ያስቆርጣል እንጂ ራሱን አያስቆርጥም። እውነቱን ነው!»

ገመዱን ለአባቴ ሰጡት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ባነሩ በተቆረጠበት በኩል ቆመው «ቀሪው እኔ ነኝ፣ ግቡ!» እያሉ እንግዳ ተቀበሉ።

ለካ የሦስት ዓመቱን ኩርፊያ ሊመልስብን የነበረው ሳልተወው የቀረሁት አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ ነው። ያ ሁሉ «ከባድ ሐዘን» እንግዲህ ይቺው ናት... ተራ ነገር፣ ይቅርታ።