ቀዩ የኮሶ አበባ

ሮቤ ላይ ከክፍል አስወጥተው ሲወስዱኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። የታሰርንበት ክፍል ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፤ እግር የምንዘረጋው በተራ ነው። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ለማይታወቅ ሰው እህል ሰጥተዋል ተብለው ነው የታሰሩት።

"ያ በርሲሳ፣ አንተስ በምን ገባህ?" አሉኝ። መምህሩ ማለታቸው ነው።

"በግጥም፣ አባቴ።"

ሳቁብኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ ግጥም ውስጥ አበባ ካየሁ እንዲሁ አላልፍም ነበር። አንዲት ተማሪዬ ስለ ቀይ የኮሶ አበባ ጽፋ ሰጠችኝ። እኔ አዋቂው ከሥሩ "ቀዩ ምንን ይወክላል? በግልጽ ይውጣ" ብዬ ጻፍኩበት። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ተገኘ። የጻፈው ሰው ስም የለበትም። መርማሪው ወንድ ነው ብሎ ገምቷል፤ "ልጁን ንገረኝና ወደ ቤትህ ሂድ" ይለኛል። አልዋሽም፣ አስቤበታለሁ።

በአራተኛው ቀን ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። "አበባው ምን ማለት እንደሆነ ጽፈህ ፈርም። ደም ነው? ባንዲራ ነው? አስተማሪ አይደለህ እንዴ?" እስከ ጠዋት ጊዜ አለህ አለኝ።

ለሽማግሌው ነገርኳቸው።

"ሄጦ?" አሉ፤ ኮሶን በኦሮምኛ። "ይሄ ምኑ ይጠየቃል? ወላሂ፣ ልጅ ያውቀዋል። ቀይዋ ሴቷ ናት። መድኃኒት የሚሆነው የእሷ ነው። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ይጠጣል። የሆድ ትል ያወጣል።"

ያሉትን አንድ በአንድ ጻፍኩ። "ሴቷ" ያሉትን ብቻ ዘለልኩ። ያ ቃል መርማሪው ዓይን ውስጥ እንዲገባ አልፈለግኩም። ከዚያ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ጠዋት አነበበውና "ትቀልድብኛለህ?" አለኝ።

"የኮሶ አበባ ይሄው ነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም" አልኩት።

ሁለት ወር ጨመረልኝ። ተማሪዬን ግን ማንም አልጠራትም።

አሁንም አስተምራለሁ። ባለፈው ጎባ ላይ ባጃጅ ስጠብቅ አገኘኋት፤ ቢሮ ተቀጥራለች።

"ቲቸር፣ ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። ትጽፊያለሽ?"

"እርስዎ ከታሰሩ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩም" አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች።

አንጀቴን በላችው። ግጥምሽን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ ልላት አፌን ከፈትኩ። አጠገባችን የማናውቀው ሰው ቆሞ ነበር፤ ዝም አልኩ።