ከየትኛው ወገን ነው?

ልጄ እስክትታመም ድረስ የካዛንቺስ ጎረቤቶቼ በሙሉ የአንጎል ስፔሻሊስት መሆናቸውን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ወድቃ ስትንቀጠቀጥ፣ እድሜ ይስጣቸውና፣ ሁሉም ክብሪት ይዘው ደረሱ። አንዷ ጭራ ጭሱን ስታሸትታት፣ ተራ ያልደረሳት ሌላዋ አኮረፈች።

አማቴ ደግሞ ምክንያቱን ደርሰውበታል። "በሁዳዴ ሥጋ ያማራት ምን ልትወልድ ኖሯል?" እርጉዝ ሳለሁ በቄራ ሳልፍ ክትፎ አምሮኝ ነበር፣ አልክድም። የከለከሉኝ እሳቸው፣ አምሮት ያልወጣላት እናት ልጇን ትጎዳለች የሚሉትም እሳቸው። የአብዬን ወደ እምዬ! እስቅባቸው ነበር፤ ግን ቢሮ ሽንት ቤት ገብቼ "እኔ ነኝ ያበላሸኋት" እያልኩ አለቅስ ነበር።

ሐኪም ያዘዘው ክኒንም ጠፋ። ከጠበል ጋር አይሄድም ያሉት አማቴ የት እንደገባ አያውቁም፤ ክኒኑ እግር አውጥቶ ሄዶ ይሆናላ። ልጄ በዚያ ሰሞን ደጋግማ ወደቀች። የአንጎሏ የኤም አር አይ ምርመራ ውጤት ሲደርስ ከሐኪሙ አፍ ይስሙት ብዬ አማቴን ይዣቸው ሄድኩ።

ዶክተሩ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀለ። የነርቭ ሴሎች በፅንስ አንጎል ውስጥ ከመሃል ተፈጥረው ወደ ላይኛው ሽፋን ይጓዛሉ አለን። መቼ እንደሚነሱ፣ የት እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚበስሉ የሚያዙት ጂኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ ጂን በሰዓቱ መብራት፣ በሰዓቱም መጥፋት አለበት። ልጄ ላይ አንዱ ትእዛዝ ስለተዛባ የተወሰኑት ሴሎች መንገድ ላይ ቀርተዋል።

"ሜክሲኮ አደባባይ የሚሄድ ታክሲ መሃል መንገድ ላይ እንዳራገፋቸው ቁጠሩት። ያለቦታቸው ሆነው ሲረብሹ ትወድቃለች። ከእንግዲህ ቦታቸው አይደርሱም። ክኒኑ ግን ካልተቋረጠ ረብሻውን ይይዘዋል።"

"ክትፎውስ?" አልኩት።

"ክትፎ ጂን አያዝም። የማንም ጥፋት አይደለም።"

አማቴ ግን ጂን ማለት ዘር መሆኑ ብቻ ገብቷቸዋል። "ከየትኛው ወገን ነው?" አሉ እኔን እያዩ። ችሎቱ ተሰየመ።

"እሱን የሚለይ ምርመራ እዚህ የለንም፣ እማማ። በቤተሰቡ እንዲህ የሚያደርገው ሰው ነበር?"

"በእኔ በኩል የለም" አልኩ ፈጠን ብዬ። አማቴ "በእኛ ዘር!" ብለው እስኪነሱ ምላሴን ስዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

ካዛንቺስ ልንደርስ ስንል፣ ፊታቸውን ወደ ታክሲው መስኮት አዙረው ተናገሩ።

"ታናሽ እህት ነበረችኝ።" ባሌ እንኳ አክስት እንደነበረችው አያውቅም። "ስትወድቅ ክብሪት የምጭርላት እኔ ነበርኩ። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ወንዙ ውስጥ የወደቀች ቀን አልነበርኩም። ብኖር ትተርፍ ነበር እያልኩ ይኸው አረጀሁ።"

የሳልኩት ምላስ አፌ ውስጥ ቀረ። እጃቸውን ያዝኩ።

ቤት ስንገባ አማቴ ቀጥታ ጓዳ ገብተው ክኒኑን ከበርበሬው ጣሳ ሥር አወጡት። አንዷን ለልጄ በእጃቸው አጎረሷት።

"ዋጪ የኔ እናት። እሷ ይሄን አላገኘችም።"

"እሷ ማናት?" አለች ልጄ።

"እህቴ" አሉ፤ ውሃውን ያዙላት።